ያውቁ ኖሯል? ካህኑን ከመቅደስ ወደ አደባባይ የሚያወጣው

የካቶሊክ ካህናት በዓለም ዙሪያ የሚያስተምሩት ሃይማኖት አንድ ነው። ታዲያ አንዱ ካህን አምባገነኑን ሲባርክ ሌላው በዚያው አምባገነን ጥይት የሚወድቀው ለምንድን ነው? መልሱን በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ካህኑ የዋለበትን ማየት ያስፈልጋል። ማንን ቀበረ? ጳጳሱ ማን ነው? ክህነት የተቀበለው በየትኛው ዘመን ነው? ምእመኑስ ወዴት እየሄደበት ነው? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ኦስካር ሮሜሮ በፌብሩዋሪ 1977 የሳን ሳልቫዶር ሊቀ ጳጳሳት ሆነው ሲሾሙ እፎይ ያሉት መንግሥትና የቡና እርሻ ባለቤቶቹ ነበሩ። ሰውየው ቁጥብ፣ ጸሎተኛ፣ ከግርግር የሚሸሹ ናቸውና። ያዘኑት ከገበሬው ጋር የቆሙት ካህናት ናቸው። መንበሩ ላይ ከተቀመጡ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ማርች 12 ቀን፣ ወዳጃቸው አባ ሩቲልዮ ግራንዴ በመኪና ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ሲሄዱ መንገድ ላይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። አብረዋቸው የነበሩ የ72 ዓመት ሽማግሌና የ16 ዓመት ልጅም አልተረፉም። ሮሜሮ በዚያችው ሌሊት ሦስቱ አስከሬኖች ወደተጋደሙበት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሳምንቱ እሑድ በሀገረ ስብከቱ ያለው ቅዳሴ ሁሉ ቀርቶ በካቴድራሉ አንድ ቅዳሴ ብቻ እንዲደረግ አዘዙ። የቫቲካን እንደራሴ ተቃወሟቸው፤ እሳቸው ግን ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲያ የእሑድ ስብከታቸው በቤተ ክርስቲያኒቱ ሬዲዮ በየቤቱ ይሰማ ጀመር። በሳምንቱ ውስጥ የታሰሩትን፣ ደብዛቸው የጠፋውንና የተገደሉትን በስም እየጠሩ ያነቡ ነበር። የተገደለን ሰው ስም ጋዜጣ በማይጽፍበት አገር፣ የልጇን ስም ከሊቀ ጳጳሳቱ አፍ የሰማች እናት ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም።

ለውጡ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ልክም ናቸው። ሮሜሮ ከዚያ በፊት በሳንቲያጎ ዴ ማሪያ ጳጳስ ሳሉ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ሜዳ ላይ ብርድ ሲመታቸው የሚያድሩትን የቀን ሠራተኞች አይተው የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ ከፍተው አስጠልለዋቸው ነበር። ማርች 23 ቀን 1980 ለወታደሮቹ በቀጥታ ተናገሩ፤ ወገናችሁን መግደል አቁሙ ብለው በእግዚአብሔር ስም አዘዙ። በማግስቱ በአንድ የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ጸሎት ቤት ሲቀድሱ በአንዲት ጥይት ተመተው ወደቁ። በ2018 ቅዱስ ተብለዋል።

ያውቁ ኖሯል? በ1798 በአየርላንድ ዌክስፎርድ አማፅያንን የመሩት አባ ጆን መርፊ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ምእመናኑ መሣሪያቸውን ለእንግሊዞች እንዲያስረክቡ ይመክሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ወታደሮቹ ቤት እያቃጠሉ ሲመጡና የእሳቸውም ጸሎት ቤት ሲነድ ነው ነገሩ የተገለበጠው። በዚያው ዓመት ተይዘው ተገደሉ።

ያውቁ ኖሯል? የድሆች ጳጳስ እየተባሉ የሚጠሩት ብራዚላዊው ዶም ሄልደር ካማራ፣ በ1930ዎቹ ወጣት ካህን ሳሉ በፋሺስቶች አምሳል የተደራጀው የ«ኢንቴግራሊስታ» ንቅናቄ አባል ነበሩ። ኋላ ግን በሪዮ ዴ ጃኔሮ የጭርንቁስ ሰፈሮች ሲመላለሱ ኖሩ። በ1964 የኦሊንዳና የሬሲፌን የሊቀ ጳጳሳት መንበር ሲረከቡ ወታደሮች ሥልጣን ከያዙ ገና ቀናት ቢሆናቸው ነው። ከዚያ በኋላ ስማቸው በብራዚል ጋዜጣና ሬዲዮ እንዳይነሳ ለዓመታት ታግዷል። የሃያ ሰባት ዓመት ካህን የያዘው አቋም የሃምሳ ዓመቱን ጳጳስ አቋም አይተነብይም ለሚል ሰው ከእሳቸው የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ያውቁ ኖሯል? የ1983ቱ ሕገ ቀኖና ካህን የመንግሥት ሥልጣን እንዲይዝ አይፈቅድም፤ ይህ በቀኖና 285 ተደንግጓል። በቀኖና 287 ደግሞ በፖለቲካ ፓርቲና በሠራተኛ ማኅበር አመራር ውስጥ በንቃት እንዳይሳተፍ ከልክሎ ወዲያው አንድ በር ይከፍታል፤ የቤተ ክርስቲያንን መብት ለመጠበቅ ወይም ለጋራ ጥቅም የግድ ነው ብሎ የበላዩ ከፈቀደ ይቻላል። ያው ቀኖና በመጀመሪያው አንቀጹ ካህናት በፍትሕ ላይ የቆመ ሰላምን እንዲያስፋፉ ያዛል። እንግዲህ ፍትሕን ሳይነኩ ሰላምን ማስፋፋት ከወዴት ይገኛል? የካህናቱ ጭንቅ ሁሉ በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ኒክሰን እንዲከሰሱ ከቀረቡት የመጀመሪያ የውሳኔ ሐሳቦች አንዱን ያቀረቡት ካህን ናቸው። ሮበርት ድራይናን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባልና የሕግ መምህር ነበሩ፤ ከማሳቹሴትስ ተመርጠው ከ1971 እስከ 1981 የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። በጁላይ 1973 ክሱን ሲያቀርቡ ምክንያታቸው ዋተርጌት አልነበረም፤ በካምቦዲያ ላይ በድብቅ የዘነበው ቦምብ ነበር። በ1980 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ካህናት ከምርጫ ፖለቲካ እንዲወጡ ሲያዝዙ፣ ድራይናን ታዝዘው ለድጋሚ ምርጫ ሳይቀርቡ ቀሩ። ከእሳቸው 150 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከ1823 እስከ 1825፣ ገብርኤል ሪሻር የተባሉ ፈረንሳዊ ካህን የሚሺጋንን ግዛት ወክለው በዚያው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። በ1832 ኮሌራ ሲገባ በሽተኛ ሲያስታምሙ ሞቱ።

ያውቁ ኖሯል? ስፔን ውስጥ ለካህናት ብቻ የተለየ እስር ቤት ነበር። አምባገነኑ ፍራንኮና ቫቲካን በ1953 የተፈራረሙት ስምምነት ካህን ከተራ ወንጀለኛ ጋር እንዳይታሰር ይደነግጋል። የተጻፈው ለክህነት ክብር ሲባል ነው። በ1960ዎቹ ግን ወጣት የባስክ ካህናት በቋንቋቸው መናገርና በፖሊስ ጣቢያ ስለሚፈጸመው ድብደባ መመስከር ጀመሩ። መንግሥት ያንኑ አንቀጽ መዘዘና በ1968 በሳሞራ እስር ቤት አንዱን ክፍል ለይቶ ለካህናት መደበ። ከ50 በላይ ካህናት ገብተውበታል። እነሱ ይጠይቁ የነበረው ግን ክብር አልነበረም፤ ከሌሎቹ የፖለቲካ እስረኞች ጋር ቀላቅሉን የሚል ነበር። ወለሉን ቆፍረው ሊያመልጡ ሞከሩ፤ ተደረሰባቸው። በኖቬምበር 1973 ደግሞ እስር ቤቱ ውስጥ ያለውን ጸሎት ቤት ራሳቸው አቃጠሉት። ሕይወቱን ለመሠዊያ የሰጠ ካህን መሠዊያ ወደ ማቃጠል እስኪደርስ ድረስ ምን ያህል እንደተገፋ እያሰብኩ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

ነገሩ ከኋላ የመጣ ነው። በ1936 በጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት በሪፐብሊኩ ግዛት ወደ 6,800 የሚጠጉ ካህናት፣ መነኮሳትና ደናግል ተገድለዋል። የስፔን ቤተ ክርስቲያን አብዛኛው ወደ ፍራንኮ ያዘነበለው በዚህ ደም ምክንያት መሆኑ አይካድም። በባስክ አገር ግን ካህናቱ ከሕዝባቸው ጋር ከሪፐብሊኩ ወገን ቆሙ፤ የፍራንኮ ወታደሮችም በፈንታቸው ከ12 በላይ የባስክ ካህናትን ረሸኑ። የስፔን ጳጳሳት በጁላይ 1937 ፍራንኮን የሚደግፍ የጋራ ደብዳቤ ሲያወጡ፣ የባስኩ ጳጳስ ማቴዎ ሙሂካና የታራጎናው ካርዲናል ቪዳል አልፈረሙም። አንዱ ከባስክ፣ ሌላው ከካታሎኒያ። ቋንቋና አገር ከሹመት በላይ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ያውቁ ኖሯል? የካህን ድምፅ የሚረዝመውም የሚያጥረውም ብዙ ጊዜ በጳጳሱ ልክ ነው። በ1930ዎቹ በሚሺጋን አባ ቻርልስ ኮግሊን የተባሉ ካህን በየሳምንቱ በሬዲዮ ለሚሊዮኖች ይሰብኩ ነበር፤ መጀመሪያ ስለ ሥራ አጡና ስለ ባንኮች፣ ኋላ ግን በአይሁድ ላይ የጥላቻ መርዝ እየረጩ። የዲትሮይቱ ጳጳስ ጋላገር በሕይወት እስካሉ ከለላ ሆኑላቸው። እሳቸው በ1937 ሲሞቱ የተተኩት ኤድዋርድ ሙኒ በ1942፣ መንግሥትም እየተጫነ፣ ዝም በል ብለው አዘዙ። ኮግሊን ዝም አሉ፤ እስከ 1966 ድረስም በዚያው ቁምስና ቆሞስ ሆነው ኖሩ። የፕሬዚዳንት ቁጣ ያልዘጋውን አፍ የጳጳስ ትእዛዝ ዘጋው።

መቀሱ ግን በሁለት በኩል ይቆርጣል። በ1965 በአላባማ፣ ሴልማ፣ አባ ሞሪስ ዌሌት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ትግል ስለደገፉና ቤታቸውን ለታጋዮቹ ስለከፈቱ፣ የሞቢሉ ሊቀ ጳጳሳት ቱለን ከከተማው አስወጧቸው። ለጥላቻው ሰባኪ የዘገየው እጅ ለዚህኛው ፈጠነ።

ያውቁ ኖሯል? በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካንና የአየርላንድን ካህናት አነጻጽሮ፣ ካህን በሁለት ጌቶች መካከል የቆመ ሰው ነው ይላል። በላይ ሹመቱንና ዝውውሩን የያዘ ጳጳስ፣ በታች ወንበሩንና ሙዳየ ምጽዋቱን የሚሞላ ምእመን አለ። ሁለቱ ሲስማሙ ካህኑ ደፍሮ ይናገራል። ሲጋጩ ግን ስብከቱ ጠቅለል፣ ለስለስ ይላል፤ «ፍቅር» እና «ሰላም» ይበዛበታል፤ ስም አይጠራበትም። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ሁሉ ይህን ስብከት አንድ ቀን ሰምቶታል።

ያውቁ ኖሯል? ሜክሲኮ ከስፔን ነፃ ለመውጣት የተነሳችው በአንድ ካህን ጥሪ ነው። አባ ሚጌል ኢዳልጎ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1810 በዶሎሬስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሕዝቡን ጠሩ፤ እስከ ዛሬ የአገሪቱ መሪ በየዓመቱ ያንን ጥሪ ይደግማል። በዚያችው አገር የ1917ቱ ሕገ መንግሥት ለካህናት የመምረጥ መብትን እንኳ ነፈጋቸው። መብቱን ያገኙት በ1992 ነው። መመረጥ ዛሬም አይፈቀድላቸውም።

ያውቁ ኖሯል? በ1976 ቺሊ ውስጥ ከሳንቲያጎ ካቴድራል ጎን፣ በዋናው አደባባይ ላይ፣ ጠበቆችና ሐኪሞች የሞሉበት የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ተከፈተ። ባሎቻቸውና ልጆቻቸው በአምባገነኑ ፒኖቼት ሰዎች የተወሰዱባቸው ሴቶች በየማለዳው ይሰለፉበት ነበር። ከዚያ በፊት አብያተ ክርስቲያናት በጋራ ያቋቋሙትን ኮሚቴ ፒኖቼት በ1975 መጨረሻ አስዘግቶታል። ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ ወዲያው ሥራውን የሀገረ ስብከቱ አካል አድርገው «ቪካርያ» በሚል ስም እንደገና ከፈቱት። ይህን ለመዝጋት ራሷን ቤተ ክርስቲያኒቱን መንካት ያስፈልግ ነበር። ሴቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ ታሪካቸውን ሥዕል አደረጉት፤ የተዘጋ በር፣ ባዶ ወንበር፣ «የት አሉ?» የሚል ሰሌዳ የያዙ ትንንሽ የጨርቅ ሰዎች። ቪካርያው ያንን እየገዛ ወደ ውጭ ይልክላቸው ነበር።

በዚያው ዘመን ከተራራው ማዶ በአርጀንቲና አብዛኞቹ ጳጳሳት ዝም አሉ። ለምን? አንቶኒ ጊል የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ የ12 የላቲን አሜሪካ አገሮችን መዝገብ አገላብጠው አንድ ያልተጠበቀ ምክንያት አቀረቡ፤ የፕሮቴስታንቶች መስፋፋት። ድሃው ምእመን ወደ ጎረቤት ጸሎት ቤት በብዛት በሄደበት አገር፣ ጳጳሳቱ ከድሃው ጎን መቆማቸውን በሥራ ማሳየት ነበረባቸው፤ ከአምባገነኑ ጋር መታየት ምእመን ያስከፍላልና። ቺሊ ውስጥ ይህ ፉክክር ቀደም ብሎ ነበር፤ አርጀንቲና ውስጥ ግን ደካማ ነበር።

ይህን ትንታኔ አከብረዋለሁ፤ ሙሉ መልስ ነው ብዬ ግን አልቀበለውም። በዚያው ዝምተኛ አርጀንቲና የላ ሪዮሃው ጳጳስ ኤንሪኬ አንሄሌሊ ነበሩ። በኦገስት 1976 ስለተገደሉ ሁለት ካህናት ማስረጃ ሰብስበው ሲመለሱ፣ የመኪና አደጋ በሚመስል ግድያ ሞቱ። ፍርድ ቤት ግድያ መሆኑን ያረጋገጠው በ2014 ነው። ያው አገር ክርስቲያን ፎን ቬርኒክ የተባለ የፖሊስ ካህንም ነበረው። በ2007 በግድያ፣ በማሰቃየትና በአፈና ተባባሪነት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ልብሰ ተክህኖ ለብሰዋል።

ያውቁ ኖሯል? ከመማሪያ ክፍል ይልቅ የፋብሪካ በር የለወጣቸው ካህናት አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፈረንሳውያንን ለግዳጅ ሥራ ሲያግዙ፣ ጥቂት ወጣት ካህናት ሠራተኛ መስለው አብረው ተጋዙ። ከጦርነቱ በኋላም ካህን ሆነው በወደብና በፋብሪካ የሚሠሩ ወደ 100 ያህል ደረሱ። ሊሰብኩ ገብተው የሠራተኛ ማኅበር አባል፣ አንዳንዶቹም መሪ ሆነው ወጡ። ቫቲካን በ1954 ከሥራ ገበታቸው እንዲመለሱ አዘዘች፤ ከፊሎቹ እምቢ አሉ። በ1965 ጳውሎስ 6ኛ እንደገና ፈቀዱላቸው።

ያውቁ ኖሯል? የፖላንድ ኮሚኒስቶች የዘርዐ ክህነት ተማሪዎችን ለሁለት ዓመት ወደ ጦር ሠራዊት ይወስዱ ነበር፤ ዓላማው ጥሪያቸውን ማስተው ነው። የገበሬው ልጅ የርዢ ፖፒየዉሽኮ ከ1966 እስከ 1968 በዚያ አለፈ። መቁጠሪያውን አውልቅ ሲባል እምቢ እያለ ይቀጣ ነበር። ጤናው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ቀረ። በኦገስት 1980 የዋርሶ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ መትተው ግቢውን ዘግተው ሳለ የሚቀድስላቸው ካህን እንዲላክላቸው ካርዲናሉን ጠየቁ። የተገኘው ይህ ከሲታ የ32 ዓመት ካህን ነው። በሩን ሲያልፍ ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ ትልቅ ሰው ከኋላዬ እየመጣ ነው ብሎ ዞር ብሎ እንዳየ ኋላ ተናግሯል። የሚጨበጨበው ለእሱ ነበር፤ የፋብሪካውን በር ያለፈ የመጀመሪያው ካህን ነውና።

ከዚያ ቀን በኋላ ሠራተኞቹን አልተለያቸውም። ወታደራዊ አዋጅ ሲታወጅ በየወሩ ለአገር የሚቀደስ ቅዳሴ እያደረገ አሥር ሺዎችን ሰበሰበ። ኦክቶበር 19 ቀን 1984 ሦስት የደኅንነት መኮንኖች አፍነው ደብድበው፣ አስረው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። 37 ዓመቱ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ናዚዎች የአእምሮ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን መግደላቸውን በአደባባይ ያወገዙት የሙንስተሩ ጳጳስ ክሌመንስ ፎን ጋለን አብዮተኛ አልነበሩም። የመኳንንት ልጅ፣ ወግ አጥባቂ፣ አገራቸውንና ሠራዊቷን የሚወዱ ሰው ናቸው። በ1941 የበጋ ወራት በሦስት ስብከቶች ጌስታፖንና ግድያውን በስም ጠርተው ከሰሱ። ስብከቱ በእጅ እየተገለበጠ ጦር ግንባር ድረስ ደረሰ። ሂትለር ጳጳሱን መንካት ፈራ፤ ስብከቱን ያሠራጩ ሦስት ካህናት ግን ከአንድ የሉተራን ቄስ ጋር በ1943 አንገታቸው ተቀላ። ወግ አጥባቂነት ዝምታ፣ ተራማጅነት ድፍረት ማለት አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? ካህን የአገር መሪ ሆኖ አይሁዳውያንን አሳልፎ ሰጥቷል። ዮዜፍ ቲሶ ከ1939 ጀምሮ የስሎቫኪያ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በ1942 መንግሥቱ ወደ 58,000 አይሁዳውያንን ወደ ሞት ካምፖች ላከ። በ1947 ተሰቀለ። በሩዋንዳ ደግሞ የኪጋሊው ሊቀ ጳጳሳት ለዓመታት በገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በኤፕሪል 1994 በኒያንጌ ቁምስና የተጠለሉ ከ1,500 የማያንሱ ቱትሲዎች ቤተ ክርስቲያኑ በቡልዶዘር ሲደረመስባቸው ቆሞሱ አታናዝ ሴሮምባ ተባባሪ ነበር። በ2008 በይግባኝ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ለሥልጣን የቀረበ ካህን ሥልጣኑን ይገራዋል የሚል ሰው በኒያንጌ በኩል ይለፍ።

ያውቁ ኖሯል? ማርች 8 ቀን 1992፣ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ እሑድ፣ በማላዊ በየካቶሊክ ቁምስናው አንድ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ተነበበ። የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንቱን የካሙዙ ባንዳን አገዛዝ በአደባባይ መተቸት እስር ወይም ሞት በሆነበት አገር፣ ሰባት ጳጳሳት ስለ ድህነት፣ ስለ ጉቦ፣ ያለ ፍርድ ስለሚታሰሩት ሰዎች ጽፈው ስማቸውን ከግርጌ አኖሩ። 16,000 ያህል ቅጂ በራሳቸው ማተሚያ ቤት አትመው በየቁምስናው አከፋፍለው ነበር፤ መንግሥት ሲባንን ሁሉም ሰምቷል። ደብዳቤውን ይዞ መገኘት ወንጀል ሆነ፤ ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ። ቃሉ ግን አንዴ ተሰምቷል። በጁን 1993 ሕዝቡ በድምፁ የመድብለ ፓርቲ ሥርዓትን መረጠ።

ያውቁ ኖሯል? በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፍሪካውያን አምባገነኖቻቸውን በብሔራዊ ጉባኤ ሲሞግቱ፣ በቤኒን፣ በኮንጎ ብራዛቪል፣ በቶጎና በያኔዋ ዛየር ጉባኤውን የመሩት የካቶሊክ ጳጳሳት ናቸው። ፓርቲዎቹ እርስ በርስ አይተማመኑም፤ ወታደሩ አይታመንም፤ ሥልጣን የማይፈልግ፣ አገሩን ግን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የተገኘው ጳጳስ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? የዘመን ማኅተም ከካህን አይለቅም። በ2022 በአሜሪካ ከ3,500 በላይ ካህናት በተሳተፉበት ጥናት፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ማግስት ክህነት የተቀበሉት ሽማግሌዎች በፖለቲካም በትምህርትም ለዘብተኛ ሆነው ሲገኙ፣ በቅርብ የተካኑት ወጣቶች ወግ አጥባቂ ሆነዋል። ሽማግሌው የዘርዐ ክህነት ተማሪ ሳለ ደናግል ሳይቀሩ በሴልማ ይሰለፉ ነበር። ወጣቱን ያነሳሱት ደግሞ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናቸው። በአንድ ቁምስና አንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ካህናት ራት ላይ የማይስማሙበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሜይ 2025 የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ ስማቸውን የመረጡት በ1891 ስለ ሠራተኛው መብትና ደሞዝ የጻፉትን ሊዮ 13ኛን አስበው ነው። የተወለዱት ቺካጎ፣ ጵጵስና ያገለገሉት ፔሩ፣ ቺክላዮ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው፤ የሕግ ምሁር ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ በሊቀ ጳጳሳትነት መንበራቸው የተቀመጡት ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል በደርግ ዘመን ወጣት ካህን ሳሉ ለሰባት ወር ታስረዋል፤ በ2019 ደግሞ የኢትዮጵያ የዕርቅ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆኑ። ካቶሊኮች ከሕዝባችን አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም።

ያውቁ ኖሯል? የኤርትራ አራቱ የካቶሊክ ጳጳሳት በሜይ 2014፣ የነፃነት በዓል ሰሞን፣ «ወንድምህ ወዴት ነው?» የሚል ሐዋርያዊ መልእክት አወጡ። ጥያቄው ለቃየል የቀረበው ነው። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 2013 በላምፔዱዛ ባሕር ከ360 በላይ ሰዎች ሰጥመው ነበር፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን። ጳጳሳቱ ወጣቱ ለምን እንደሚሸሽ ጠየቁ። በ2019 ሌላ መልእክት ካወጡ በኋላ መንግሥት ከ20 በላይ የቤተ ክርስቲያኒቱን የጤና ተቋማት ወረሰ፤ በሽተኞች ከአልጋ እየተነሱ ተሸኙ።

ያውቁ ኖሯል? በሊቢያ እስር ቤቶች ግድግዳ ላይ የአንድ ካህን ስልክ ቁጥር ተጭሮ ይገኝ ነበር። ቁጥሩ የአባ ሙሴ ዘርአይ ነው። አሥመራ ተወልደው በ1992 በልጅነታቸው ብቻቸውን ጣልያን የገቡ ስደተኛ ነበሩ። በማርች 2011 መጨረሻ ከትሪፖሊ 72 ሰዎች የጫነች የጎማ ጀልባ ነዳጅ አለቀባት። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሳተላይት ስልክ የደወሉት ለአባ ሙሴ ነው። እሳቸውም ሮም ላለው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ወዲያው አሳወቁ፤ ጀልባዋ ያለችበት ቦታ ታወቀ፤ በአካባቢው ላሉ መርከቦች ሁሉ ጥሪ ተላለፈ። የስልኩ ባትሪ አለቀ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ውኃና ብስኩት ጥሎ ሄደ። ትልቅ የጦር መርከብ አጠገባቸው ደርሶ ተመለሰ። ጀልባዋ ሁለት ሳምንት ስትንሳፈፍ ቆይታ እዚያው ሊቢያ ዳርቻ ወጣች፤ በመጨረሻ በሕይወት የተረፉት 9 ሰዎች ናቸው። አባ ሙሴ ለአውሮፓ መርማሪዎች መሰከሩ። ስልካቸውንም አልዘጉም።